ያልተሰናዳ ቤት

ዙልማ ቤት ለመግባት ጫማን በር ላይ መጥረግ ብቻ አይበቃም። በሩን ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን ቄስ፣ ደጃፉ ላይ ከተደረደሩት ግራጫ የሱፍ ጨርቆች ሁለቱን ይረግጥና እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየተንሸራተተ ሳሎን ይደርሳል። ፓርኬው በየቅዳሜው ሰም ይቀባል፣ ተንበርክካ ትወለውለዋለች፣ ከዚያ ፊት ያሳያል። ድሮ በሞንቴቪዴዮ፣ በላ ኡኒዮን ሰፈር እንዲህ ያሉ ጨርቆች ያሏቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። የሌሎቹ ባለቤቶች ግን ወይ ሞቱ፣ ወይ ሰለቻቸውና ምንጣፍ አነጠፉ። ዙልማ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አልሞተችም፣ አልሰለቻትምም።

ያን እሑድ ታናሽ እህቷ አይዴ ከባሏ ከዋልደማር ጋር አሥር ሰዓት ላይ ልትመጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯ ያልረገጠበት ቤት ነው። ማክሰኞ ደግሞ ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ልጃቸው ዘንድ ሳልቶ ሊኖሩ ይሄዳሉ። ከሞንቴቪዴዮ ሳልቶ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዋልደማር ባለበት ሁኔታ ደግሞ ሄዶ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ካልተገናኙ ከእንግዲህ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ለልደትና ለአዲስ ዓመት።

ስለዚህ ዙልማ ከረቡዕ ጀምራ ስታጥብ ሰነበተች። መጋረጃው ወርዶ ታጠበ፣ ተተኮሰ፣ ተመልሶ ተሰቀለ። ማንም የማያየው የቁም ሳጥኑ ጀርባ ሳይቀር ተወለወለ። ስኒዎቹ ከነማስቀመጫቸው አንድ በአንድ በብርሃን ታዩ። ዓርብ ዕለት ደግሞ መሰላል ላይ ወጥታ የአምፖሎቹን አናት ስትጠርግ፣ ጎረቤቷ ቼላ ከአጥሩ ማዶ በመስኮት አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የምትመጣው እህትሽ ናት ወይስ ተቆጣጣሪ ነው?» አለቻት።

«የራስሽን ቤት ጥረጊ!»

«የእኔማ ቤት ከገና ወዲህ አልተጠረገም። እንግዳ ግን አጥቶ አያውቅም።»

ዙልማ ወደ አምፖሎቿ ተመለሰች። ቼላ የተናገረችው ውሸት ቢሆን ኖሮ ትመልስላት ነበር።

አይዴ ለምን ሁለት ዓመት እንደቀረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዙልማም ታውቃለች፤ ግን ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። ነገሩ የሆነው በራሷ ልደት ቀን ነው። ዋልደማርን ስትሮክ ከመታው ሦስት ወሩ ነበር፤ አፉ በስተቀኝ ተንጋዷል፣ አንድ እጁ አይታዘዝም፣ የቀሩለት ቃላትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ማቴ የሚባለውን መራራ የቅጠል ሻይ ይጠጣል። ቀጂዋ ዙልማ ናት። ማቴ እንግዲህ ከአንድ ቅል፣ በአንድ የብረት መምጠጫ ነው፤ ቀጂው ይሞላል፣ ተቀባዩ ጠጥቶ ይመልሳል፣ ለሚቀጥለው እንደገና ይሞላል። መምጠጫውን የሚጠርግ ሰው የለም። ሌባም ሆነ ሚኒስትር በዚያው ብረት ይጠጣል። ዋልደማር ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስላት ግን ከከንፈሩ ቀጭን ምራቅ ተከትሎት መጣ፤ የዙልማ እጅም ሽርጥ ኪሷ ገባና የተተኮሰውን ነጭ መሀረብ አውጥቶ የመምጠጫውን ጫፍ ጠረገው።

አስባበት አልነበረም። እጇ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሲጠርግ የኖረ እጅ፣ ምን እንደሚጠርግ መጠየቅ ትቷል። ሰዉ ሁሉ ግን አይቷል። ተራው ዞሮ ዋልደማር ጋ ሲደርስና ቅሉን ስትዘረጋለት አልተቀበላትም። «አመሰግናለሁ» አለ፣ ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚያ ጥርት አድርጎ የተናገረው ቃል አልነበረም። በማቴ መሀል «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው። ዋልደማር ደግሞ በሕይወቱ ከስድስት ቅል በታች ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አይዴ ተነስታ ኮቱን አለበሰችው።

ከዚያ ወዲህ ዙልማ ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ ራሷ ሰረዘችው። መጀመሪያ የግድግዳው ቀለም አልደረቀም አለች። ቀጥሎ መጋረጃው ከእጥበት አልተመለሰም። ሦስተኛው ጊዜ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንዲት የግድግዳ ሸክላ ተሰንጥቃ ነበር። «ቤቱ አልተሰናዳም፣ አይዴዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው» ትላለች፤ የሚቀጥለው ሳምንት ግን አይመጣም። በልቧ ያለው እንዲህ ነበር፦ ነውር ሠርታለች፣ ነውሩን የሚያስረሳ ቤት አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች፤ ያኔ አንድ ነገር እንኳ አይጎድልም። ምን ያደርጋል፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድል ነበር።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ ጀመረ። የክረምት ዝናብ ነው፣ ከወንዙ በኩል ከነነፋሱ የሚመጣው። ዙልማ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ለቻሃ የሚሆን የእንቁላል ነጭ ስትመታ ነበር። ቻሃ ስስ ኬክ፣ ኮክና ክሬም ተደራርቦ፣ ዙሪያውን በተጋገረ የእንቁላል ነጭ አረፋ የሚለበስ ነው፤ አረፋው ሲቆረስ ኩርሽም ካላለ ቻሃ አይባልም። በዝናብ ቀን አረፋ እንደማይደርቅ የአሥር ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ዙልማም ታውቃለች። ግን የሳምንቱን ዕቅድ ያወጣችው ረቡዕ ነው፣ ረቡዕ ደግሞ ፀሐይ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ከምድጃ ስታወጣው አማረ። ስምንት ተኩል ላይ አላበው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፋው ተንሸራትቶ ሳህኑ ላይ ተኛ፣ ኮኩም ተከትሎት ወረደ። ዙልማ አፏን ይዛ ቆማ ሳለ ከሳሎን ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ሄዳ አየች። ጣሪያው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እያፈሰሰ ነው፤ ውሃው የሚንጠባጠበው ልክ ፓርኬው መሀል ነው። ሮጣ ሳፋ አመጣች። ከሳፋው ውጭ የሚረጨውን የምታደርቅበት ስታጣ፣ በእጇ የገባውን አንስታ አነጠፈች፤ የገቡት ደግሞ የደጃፉ የሱፍ ጨርቆች ነበሩ።

ከዚያ ስልኩን አነሳች። ሌላ ምን ታድርግ? ኬክ የለም፣ ሳሎን መሀል ሳፋ ተጎልቷል፣ ጸጉሯ ላይ የእንቁላል ነጭ አለ። ነገ ይምጡ፣ ትላለች፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ዕቃ ቢያስሩም አንድ ሰዓት አያጡም። የምትለውን በልቧ አዘጋጅታ ስታበቃ አይዴ አነሳች።

«እትዬ! ልንወጣ ነው እኮ» አለች አይዴ።

«አይዴዬ... ዝናቡን አየሽው?»

«አየሁት። ዋልደማር ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ለብሶ ተቀምጧል።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት?»

«ከጠዋቱ። ክራቫቱን ሳይቀር። በሩ አጠገብ ቁጭ ብሏል፣ ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው። ምሳ እንኳ እዚያው ነው ያበላሁት፣ አልነሳም ብሎኝ።» ከዚያ ድምፇን ዝቅ አደረገች። «ለምንድን ነው የደወልሽው?»

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ቤቱ አልተሰናዳም። ሦስት ጊዜ ብላዋለች፣ አራተኛው አይከብድም። ግን ያ ሰው ክራቫት አስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ታያት፤ ክራቫቱን በአንድ እጁ ለማሰር ስንት ጊዜ እንደታገለ ታያት።

«ኮቱን ደርበሽ አልብሺው ልልሽ ነው» አለች። «ብርድ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ስታስበው፣ ቤቷ ሳይሰናዳ ሰው ና ብላ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ ለቀስተኞች ከመምጣታቸው በፊት ወለሉን ወልውላ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አይዴ ጃንጥላውን ይዛ፣ ዋልደማር ባለ አራት እግር መደገፊያውን ጨብጦ፣ ሁለቱም ርሰዋል። የመደገፊያው እግሮች ላይ የእግረኛ መንገዱ ጭቃ አለ። አይዴ በልማዷ አጎንብሳ ደጃፉን ቃኘች።

«ጨርቆቹ የታሉ?»

«ሳሎን ውሃ እየጠጡ ነው። ግቡ፣ ግቡ፣ አትቁሙ ብርድ ላይ።»

«በጫማችን?»

«ታዲያ በእጃችሁ ልትገቡ ነው?»

አይዴ እህቷን ትክ ብላ አየቻት። ዋልደማር ግን መደገፊያውን አንስቶ ፓርኬው ላይ አሳረፈው። አንድ እርምጃ፣ አራት የጭቃ ነጥብ። ሌላ እርምጃ፣ ሌላ አራት። ዙልማ እያንዳንዱን ነጥብ በሆዷ ቆጠረችው። አፏን ግን ዘግታ ከኋላው ተከተለችው፣ ቢወድቅ ልትይዘው እጇን ዘርግታ።

አይዴ ኩሽና ገብታ ቻሃውን ስታየው መሳቅ ጀመረች። ሳቋ እስኪያስነጥሳት ድረስ ሳቀች።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰው ተቀምጦበታል?»

«ሳቂ። አራት ቀን ነው የለፋሁት።»

«እትዬ፣ በዝናብ የእንቁላል ነጭ ትመቻለሽ? እማማ ብታይሽ በማማሰያው ነበር የምትልሽ። ዝናብ ሲዘንብ ምንድን ነው የሚበላው?»

ዙልማ ሳህኑን ወደ ጥግ ገፋችው። በዚያ አገር ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚበላ መጠየቅ የገዛ ስምን እንደመጠየቅ ነው። «ቶርታ ፍሪታ» አለች በመጨረሻ።

«በይ እንጥበስ።»

«ሞራ የለኝም። ሞራ ቤቴ ካስገባሁ ስንት ዓመቴ! ግድግዳው ሁሉ ቅባት በቅባት ይሆናል፣ ጭሱ መጋረጃው ውስጥ ይገባል...»

አይዴ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። መስኮቱን ከፍታ ወደ አጥሩ ጮኸች። «ቼላ! ሞራ አለሽ?»

«ለማን?» አለ ድምፁ ከማዶ።

«ለዙልማ ኩሽና!»

የማዶው መስኮት ተከፈተ። ከዚያ ቼላ፣ «ማን ሞተ?» አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሞራውን በሳህን ይዛ፣ ከነእርጥብ ነጠላ ጫማዋ ገባች። ወለሉን አየች፣ ዙልማን አየች፣ እንደገና ወለሉን አየች። ዋልደማር አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለችና ስለ እግር ኳስ ታወራለት ጀመር።

እህትማማቾቹ ዱቄቱን በጨውና በሞራ አሹት፣ ለብ ባለ ውሃ አቦኩት። ሊጡን እየቆረጡ እንደ መዳፍ ጠፍጠፍ ያደርጉታል፣ መሀሉን በጣት ይበሱታል። እናታቸው ስትሠራ መብሳት የልጆቹ ሥራ ነበር፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ እኩል ይበሳሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች አይዴ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሳ። «ሦስት ጊዜ ጠርተሽን ሦስት ጊዜ ስትሰርዢ፣ ዋልደማር ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል?»

«ስልኩን ስዘጋ ያየኛል። ከዚያ በጣቱ አፉን ያሳየኛል። ‹እኔ› ይላል። ሌላ ቃል የለውም፣ ‹እኔ›። የምትጠየፈው እኔን ነው ማለቱ ነው።»

የዙልማ እጅ ሊጡ ውስጥ ቆመ። መጋረጃው፣ ቀለሙ፣ የተሰነጠቀችው ሸክላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታዩዋት። ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቤት ስታሰናዳ፣ ያ መሀረብ ሦስት ጊዜ ተመልሶ አፉን ጠርጎታል።

«እኔ እኮ... አይዴዬ፣ በእናታችን። አፍሬ ነው። ቤቱ ሲያምርልኝ ያኔ... ያኔ ይቀለኛል ብዬ።»

«ታዲያ ይሄን ለእኔ ምን አስነገረሽ?» አለች አይዴ፣ ሳትቆጣ። «ሰውየው እዚያ ተቀምጧል።»

ሞራው ጋለ፣ ሊጡ ገባበት፣ ኩሽናው በጭስ ታፈነ። ሲበስል ትልቅ ሳህን ላይ ተከምሮ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ ወደ ሳሎን ሄደ። የተወለወሉት ስኒዎች ከቁም ሳጥኑ አልወጡም። ሳፋው ጠረጴዛው ዙሪያ እንዳይቀመጡ ስለከለከላቸው ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ስበው፣ ሳህኑን አንድ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ተቀመጡ። ዙልማ ፔርሙዙንና ቅሉን ይዛ ከዋልደማር ቀጥላ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ዱቄት አለ፣ እጇ በሞራ ያብለጨልጫል።

«ዋልደማር» አለች። ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ዋልደማር፣ ያን ቀን የሠራሁት ነውር ነው። ከዚያ በኋላ ቀን የሰረዝኩት ግን አንተን ጠልቼ አይደለም። ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ዋልደማር አያት። ፊቱ ግማሹ አይታዘዝም፣ ግማሹ ደግሞ ምን እንደሚያስብ አያስታውቅም። ከዚያ በደህናው እጁ ቅሉን ሁለቴ ቆረቆረው፣ ቅጂ እንደማለት።

የመጀመሪያውን ቀጂዋ ጠጣች። ለአይዴ ሞላች፣ ለቼላ ሞላች። ለዋልደማር ሞልታ ስትዘረጋ የሁለት ዓመቱ ነገር ሁሉ እጇ ላይ ነበር። ዋልደማር ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ተቀበላት። አፉ ስኳርና ቅባት ነበር፤ እያረፈ እያረፈ ቅሉ ባዶ መሆኑን የሚናገረው ድምፅ እስኪሰማ መጠጠው። ሲመልስላት መምጠጫው ረጥቦ፣ የቶርታ ፍርፋሪ ተለጥፎበት፣ ያ ቀጭን ምራቅም ተከትሎት መጣ።

ቀጣዩ ተራ የራሷ የዙልማ ነው። አይዴ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ማየት ያልፈለገች መስላ። የዙልማ ቀኝ እጅ ሽርጥ ኪሷ ገባ። መሀረቡ እዚያ ነበር፣ አራት ታጥፎ፣ ተተኩሶ። በጣቷ ነካችው። ወይ ይሄ እጅ፣ አለች በልቧ፣ ወይ ይሄ መከረኛ እጅ። ከዚያ ባዶውን አወጣችው፣ ፔርሙዙን አንስታ ቅሉን ሞላች፣ መምጠጫውን አፏ ውስጥ ከትታ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣች። መራራ ነበር፣ ትንሽ የስኳር ጣዕም ነበረበት።

ቼላ አንድ ቶርታ አንስታ ገመጠች። ጠብታው ሳፋው ውስጥ ጠብ ይላል፣ የመደገፊያው ጭቃ ፓርኬው ላይ እየደረቀ ነው፣ ዙልማም አየችው፣ ነገ እንደምታየውም አወቀች።

ቅሉ ሁለተኛ ዞረ። አይዴ ጠጣች፣ ቼላ ጠጣች፣ ዋልደማር ጠጣ። ባዶውን ለዙልማ መለሰላት። ዙልማ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፔርሙዙን ሳትነካ፣ የተጣመመውን አፉን እያየች ያንን የበቃኝ ቃል ጠበቀች። ዋልደማር አፉን ከፈተ፣ ትንፋሽ ሳበ፣ መልሶ ዘጋው።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ሴትዮ?» አለች ቼላ አፏ እንደሞላ። «ሰውየው አላመሰገነም እኮ! ተራሽን ተይና ሙዪለት!»

ዙልማ ሞላችለት።